በግድግዳው በኩል ያለው ጆሮ

ሚያዝያ 11 ቀን 1965 ዓ.ም. አምሐ ሀብተሥላሴ ሲሞት፣ የሬዲዮ ማዳመጫው የቀኝ ጆሮ የቆዳ ትራስ ተሰፍቶ አልቆ ነበር። የግራው ግን ግማሹ ብቻ ተሰፍቶ፣ መርፌው እንደተሰካበት፣ ሬዲዮው አጠገብ ቀርቷል። ዕለቱ ሐሙስ ነው። ዓርብ ነው የሚሉ አሉ፤ ተሳስተዋል፤ ዓርብ የተቀበረበት ቀን ነው።

ቆዳው የበግ ነው፣ ነጭ። ክሩ ጥቁር ነው። አምሐ ኮልፌ ገበያ ጫፍ ላይ ባለ ጋራዥ የመኪና ወንበር ሰፊ ነበርና፣ በነጭ ቆዳ ላይ ጥቁር ክር የሚያስገባው ስፌቱ አንድ ቦታ ላይ ቢዛነፍ ወዲያው ዓይኑ እንዲይዘው ብሎ ነው። የገዛ እጁን እንኳ አያምንም ነበር።

ተጠራጣሪነቱ በሰፈሩ የታወቀ ነው። ላምባ ሲገዛ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ ያየዋል፣ ያሸተዋል፣ ድንጋይ ላይ ጠብ አድርጎ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ ወረቀቱን ሁለት ፋርማሲ ወስዶ ያሳያል፤ ሁለቱ አንድ ነገር ከተናገሩ ደግሞ "ተመካክረው ይሆናል" ይላል። የማታውን ዜና ጠዋት ደግሞ የሚሰማው፣ በሌሊት ቃላቸውን ለውጠው እንደሆነ ለማየት ነው። የጋራዡ ሰዎች፣ አምሐ ሲወለድ አዋላጇን መታወቂያ ጠየቃት እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱ አይቆጣም። "ታዲያ አሳየችኝ?" ብሎ ወደ ስፌቱ ይመለሳል።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሲከራይ ቀላል አይሆንም። እሱና ሚስቱ ዘመነች ኮልፌ ውስጥ ሦስት ቤት ቀይረዋል። የቀየሩት ግን በእሱ ጥርጣሬ ሳይሆን በእሷ ራስ ምታት ነው። ዘመነች የጎጃም፣ የደጀን ልጅ ናት። ሕመሙ የጀመራት ከወሊድ በኋላ ነው፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ ራሷ ሲነሳባት ብርሃንና ድምፅ እንደ ጥፍር ይቧጥጧታል። የመጀመሪያው ቤት ከቆርቆሮ ቀጥቃጮች ጀርባ ነበር፤ አልሆነም። ሁለተኛው ጦር ኃይሎች መንገድ ዳር፣ የጭነት መኪና ዳገቱን ለመውጣት ማርሽ የሚቀይርበት ቦታ ላይ ነበር፤ ያም አልሆነም። ሦስተኛው የወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ግቢ ነው። ባሏ የሞተባት ሸዌ ናት፤ ተከራዮቿ ሁሉ እትዬ ይሏታል። የሰጠቻቸው ክፍል ግቢው ውስጥ ከመጨረሻው፣ በአቡጀዲ ኮርኒስ የተሸፈነች፣ ቀን እንኳ ጨለም የምትል ክፍል ናት። ዘመነች በገቡ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። አምሐ መተኛቷን ስላላመነ ጎንበስ ብሎ ትንፋሿን አዳመጠ። ተኝታለች። እዚያው አጠገቧ ተቀምጦ፣ ከዚህ ቤት ማንም አያስወጣኝም አለ።

የቀረው ሬዲዮው ነበር።

አምሐ ሬዲዮ ካልሰማ እህል አይወርድለትም። ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ ይከፍተዋል፤ ዜናውን፣ ክራሩን፣ ተውኔቱን፣ የእህል ዋጋውን ሳይቀር ይሰማል። ሬዲዮዋ በቆዳ ልብስ የተሸፈነች፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ ገና ላጤ ሳለ የገዛት ናት። ዘመነች ከታመመች ወዲህ ዝቅ አድርጎ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሊሰማት ሞከረ። እሷ ምንም አትልም። የጋቢዋን ጫፍ ግን በጥርሷ ትነክሳለች፤ እሱም ያያል። ዘጋት። አንድ ሰሞን የተዘጋችውን ሬዲዮ ጭኑ ላይ አድርጎ ማምሸት ያዘ። ዘመነች ይህን ማየት ከድምፁ ይልቅ የሚያማት ይመስል፣ "ኧረ ክፈተው፣ አይሰማኝም" ትለው ጀመር። እሱ ግን አላመናትም።

ከሬዲዮዋ ጋር የመጣች፣ ሽምብራ የምታህል፣ አንድ ጆሮ ውስጥ የምትወተፍ ማዳመጫ ነበረች። አውጥቶ ሞከራት። ጆሮውን ትወጋዋለች፤ ሲስቅ ትወድቃለች፤ ዘፈኑም በጠርሙስ ውስጥ እንደታፈነች ንብ ይሆናል። አንድ ጆሮ ብቻ ስትይዝ ደግሞ ሌላው ጆሮ የግቢውን ወሬ ይለቅማል። ተውኔቱ መሐል ላይ ሟቹ የመጨረሻ ቃሉን ሊናገር ሲል፣ የእትዬ ወርቅአፈራሁ ዶሮ እንቁላል መጣሏን ታውጃለች። ሽምብራዋን ወደ ሣጥኗ መለሳት።

ቀጥሎ ፒያሳ ወጣ። አንድ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሁለቱንም ጆሮ የሚይዝ፣ ቀለል ያለ፣ በስፖንጅ የተሸፈነ ማዳመጫ አሳዩት። ሻጩ ጀርባው ክፍት የሆነው አየር እንዲያገኝ ነው፣ ድምፁን የሚያጣፍጠው እሱ ነው አለ። አምሐ ጆሮው ላይ አደረገው። እውነትም ክራሩ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ያህል ነው። ይህ ማማሩ ራሱ አጠራጠረው። ሰዓቱን መያዣ አስቀምጦ፣ ለአንድ ምሽት ቤቴ ወስጄ ልሞክረው ብሎ ለመነ። ሻጩ ሰዓቱን አየ፣ ሰውዬውን አየ፣ ሰጠው።

ማታ ዘመነች ተኝታ ሳለ ሰካና ከፈተ። ጥቂት ቆይቶ "ይሰማሻል?" አላት።

"አይሰማኝም።"

እሱ ግን ፊቷን አልነበረም የሚያየው፤ እግሯን ነው። አንድ የጎጃም ክራር ተጀምሮ ነበር፤ ከጋቢው ሥር የወጣው የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ምቱን እየጠበቀ ብቅ ጥልቅ ይላል። ዘመነች አፏን እንጂ ጣቷን መዋሸት አላስተማረችውም።  አምሐ በመዳፉ የማዳመጫውን ጀርባ፣ ስፖንጁንና ቀዳዳውን፣ ከሁለቱም ወገን ግጥም አድርጎ ሸፈነው። ጣቷ ቆመ። መዳፉን አነሳ። ጣቷ ጀመረ።

ጉዳዩ ያኔ ገባው። ለቤት የሚሆነው ጀርባው የተዘጋው ነው። ድምፁ መውጫ ሲያጣ ሌላ ሰው አይደርስም። በማግስቱ ስፖንጁን መልሶ ሰዓቱን ተቀበለ። ሰዓቱን እዚያው ቆሞ ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ አንጀቱን ለውጠውት እንደሆነ።

ኮልፌ ገበያ ውስጥ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥና የሚጠግን አብደላ የሚባል ነጋዴ ነበር። አምሐ ሲመላለስበት ከረመ። ጀርባው የተዘጋ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ፣ ትራስ ያለው፣ ሁለቱም ወገን የሚናገር ብሎ ነገረው። አብደላ፣ ጋሼ፣ ሚስት የሚመርጥ ሰው እንኳ ይህን ያህል አይዘረዝርም ብሎ ቀለደበት። የ1965 ጥምቀት እንዳለፈ ግን ሰው ልኮ አስጠራው። ከባንኮኒው ሥር ሁለት ጥቁር ኩባያ የመሳሰሉ፣ በብረት ቅስት የተያያዙ፣ ጀርባቸው ድፍን የሆነ ማዳመጫ አወጣ። ትራሶቹ ተሰነጣጥቀዋል። አምሐ አገላብጦ ሲያየው፣ በቅስቱ ውስጠኛ ጎን ላይ ቁጥር የነበረበት ቦታ በሞረድ ተፍቆ አገኘው።

"የማን ነበር?" አለ።

"የአንድ ፈረንጅ። አገሩ ሲገባ ዕቃውን ሸጦ ሄደ።"

"ፈረንጁ ቁጥሩን ለምን ፋቀው?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ጋሼ። እርስዎ ዕቃ በገዙ ቁጥር ለምን እንደሚያሸቱ ጠይቄዎት አውቃለሁ?"

አምሐ አሸተተው። የሞተር ዘይት ይሸታል። የአውሮፕላን ወይም የታንክ ሰው ያደርገው የነበረ ይመስላል፤ የወታደር ንብረት ከሆነ ደግሞ ይዞ መገኘት መዘዝ አለው። አስቀምጦት ወጣ። ፌርማታው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ጆሮው ላይ አድርጎ ሞከረው፤ የአብደላ አፍ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ ድምፁ ግን የለም። ገበያው ሁሉ ጠፋ። ገዛው። አብደላ ሽቦውን ለሬዲዮዋ እንዲስማማ አድርጎ፣ ከሁለቱም ጆሮ እንዲናገር አገናኝቶ ሰጠው።

ዕቃውን ካፖርቱ ሥር ደብቆ፣ ወታደር የሚበዛበትን የጦር ኃይሎችን መንገድ ትቶ በጓሮ ጓሮ ዞረ። ግቢው በር ላይ ሲደርስ ግራና ቀኝ አይቶ ገባ። አጎንብሶ ወደ ክፍሉ ሲያልፍ ሽቦው ከካፖርቱ ሥር እንደ ጅራት ተንጠልጥሎ ነበር። ይህን እሱ አላየም። ጉታ አይቷል።

ጉታ ከአምሐ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ነው፤ ከወለጋ የመጣ አናጺ። እሱና ሚስቱ ጉዲቱ ጴንጤዎች ናቸው። ይህን ለማንም አልተናገሩም። ሳምንት ውስጥ አንዳንድ ምሽት ጥቂት ሰዎች ይመጡባቸዋል። ደጅ ላይ ጫማ ተደርድሮ ሰው እንዳይቆጥረው፣ ሁሉም ጫማውን በእጁ ይዞ ይገባል። መዝሙራቸው በሹክሹክታ ነው። ባለፈው ክረምት ጸሎት ላይ የተገኙ ሰዎች ተይዘው ነበር፤ ከተያዙት ውስጥ ጉታ የሚያውቃቸው ነበሩ። እንዴት ታወቀ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጎረቤት ነው የጠቆመ አሉት። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ባየ ቁጥር ጀርባውን ይቀዘቅዘዋል።

አምሐ ስለዚህ ምንም አያስብም። ሐሳቡ ዕቃው ላይ ነው። የወታደር ማዳመጫ እንዳይታይበት መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀለ። ሬዲዮዋን ከጉታ ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ውስጥ በተቆፈረች መደርደሪያ ላይ አኖራት፤ ድምፁ እዚያ ስትሆን ይጠራላታል፣ ሽቦውም አጭር ስለሆነ ሌላ ቦታ አይደርስም። የግራ ጎኑን ለግድግዳው ሰጥቶ በርጩማ ላይ ተቀመጠና ሁለቱን ኩባያዎች ጆሮው ላይ ገጠመ።

ክራሩ መጣ። ከስፖንጁ ይልቅ ትንሽ የታፈነ ነው፤ ከበሮ ሲገባበት ደግሞ ወፈር ይላል፤ ጥቂት እንደቆዩበትም ጆሮ ያልባል። እነዚህን ጉድለቶች አንድ በአንድ አገኛቸው፣ ከሻጩም ከራሱም አልደበቃቸውም። "ይሰማሻል?" አለ፣ ሳያውቀው ጮክ ብሎ።

ዘመነች "አይሰማኝም" አለች።

ጣቷን አየ። አይንቀሳቀስም። ድምፁን ጨመረ። አይንቀሳቀስም። ነቅታብኝ ይሆናል ብሎ ጠረጠረና ለብዙ ምሽት ሳይጠይቃት፣ ወደ እሷ ሳያይ እያስመሰለ፣ በዓይኑ ጠርዝ ይከታተላት ጀመር። አንድ ቀን ከሠርጋቸው ዕለት ጀምሮ ሁለቱም የሚያውቁት የጎጃም ዘፈን ወጣ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ፣ እሷ ጣሪያውን እያየች፣ እግሯ እንደ ድንጋይ ጸጥ ብሎ ተኝታለች። አምሐ ያኔ አመነ። እንዲያውም ትንሽ ከፋው፤ ዘፈኑን ብቻውን በላው።

ጉታ ግን በዚያው ሰሞን፣ ብርድ ልብሱ ባልሸፈነው የመስኮት ጠርዝ በኩል አሻግሮ አይቶ ነበር። ያየው ይህንን ነው፤ ሰውዬው የወታደር ማዳመጫ አድርጎ፣ ወደ ግድግዳቸው ተጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሚሰማውን ቃል በከንፈሩ ይደግማል። ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ይገባል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አምሐ የተረዳው በቁርጥራጭ ነው። መጀመሪያ ጉዲቱ ወንፊት መዋስ ተወች። ቀጥሎ ጉታ ሰላምታውን አሳጠረ። ከዚያ የማታ እንግዶቻቸው ቀሩ። አምሐ ይህን ሁሉ ከተፋቀው ቁጥር ጋር አያያዘው፤ ጉታ ዕቃውን አይቶ ለፖሊስ ሊናገር ነው ብሎ ደመደመ፤ ብርድ ልብሱንም ጥግ ጥጉን በሚስማር መታው። ሚስማሩ ሲመታ ጉታ በወዲያኛው ወገን እየሰማ ነበር። እንዲህ ሆነው ከረሙ፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጭቃ ግድግዳ ግራና ቀኝ፣ እያንዳንዱ ሌላው ሊያስይዘኝ ነው እያለ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል እትዬ ወርቅአፈራሁ አምሐን ደጃፏ ላይ አስቆመችው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

"ማን ምን ብሎ እንደሚጸልይ አላውቅም፣ እንዳውቅም አልፈልግም" አለችው። "ጆሮ ጠቢ ግን ግቢዬ ውስጥ አላሳድርም። ፋሲካን እዚሁ ዋሉ። ከዚያ በኋላ ቤት ፈልጉ።"

አምሐ የተሰደበው ስድብ እንኳ ዘግይቶ ነው የገባው። መጀመሪያ የመጣበት ጨለማዋ ክፍልና አቡጀዲው ኮርኒስ ነው። ዘመነች የምትተኛበት ሌላ ቤት ኮልፌ ውስጥ እንደሌለ በእግሩ ዞሮ ያውቃል። እንዲህ ያለኝ ማን ነው ብሎ ጠየቃት። አልነገረችውም። ዓይኗ ግን ወደ ጉታ በር ሄደ፤ አምሐ ደግሞ የሰውን አፍ ከማየት ዓይኑን ማየት የሚመርጥ ሰው ነው።

ለዘመነች አልነገራትም። አንድ ሳምንት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ወንበር እየሰፋ፣ ሰው ያላደረገውን ነገር አለማድረጉን እንዴት አድርጎ ያሳያል ሲል አሰበ። መሐላ አያምንም፤ የሚምል ሰው ሲያይ የሚጠረጥር እሱ ራሱ ነው። ሽማግሌም አያምንም። ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር አገኘ። መጋቢት ሲገባ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደ። ማዳመጫውን በእጁ አንጠልጥሎ፣ የተፋቀውን ቁጥር እንደያዘ፣ ግቢው መሐል በጠራራ ፀሐይ ወጣ።

ጉታ ደጃፉ ላይ የሰው ወንበር እግር ይጠግን ነበር። እትዬ ወርቅአፈራሁም እዚያው በርጩማዋ ላይ ነበረች። ጉታ ዕቃውን ሲያይ መዶሻውን አስቀመጠ።

"እኔ ምንም አላልኩም፣ ጋሽ አምሐ" አለ።

"ብለሃል" አለች እትዬ ወርቅአፈራሁ። "እዚሁ ቆመህ ነው ያልከኝ።"

አምሐ አልተቆጣም። ወደ ክፍሉ ጠራቸው፤ የራሱን በርጩማ ለጉታ ሰጠ፤ ማዳመጫውን ጭንቅላቱ ላይ አደረገለትና ሬዲዮውን ከፈተ። ጉታ ትኩስ ድስት እንደተሸከመ ሰው አንገቱን አድርቆ ትንሽ አዳመጠና አወለቀው።

"አሁን ዘፈን ነው" አለ። "ማታ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

ይህ መልስ አምሐን ሊያናድደው ሲገባ ደስ አሰኘው። በሕይወቱ እንደሱ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥመው የመጀመሪያው ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምጠይቀው አለው። እንግዲያው አንተ ራስህ ፈትነው አለው። የሽቦውን ጫፍ ከሬዲዮዋ ነቅሎ ለጉታ ሰጠው። ጉታ ያድርገው፣ ሽቦውን ግድግዳው ላይ የፈለገበት ቦታ ያስነካው፣ ጉዲቱ በወዲያኛው ክፍል ሆና እንደ ማታው ትናገር፤ የሚሰማ ከሆነ ይስማ።

 እንደ ማታው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። እትዬ ወርቅአፈራሁ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

"እኔ ዶሮዎቼን ልይ" አለችና ወጣች። ዶሮዎቿ ደጃፉ ላይ ነበሩ። እሷ ግን አጥሩ ጥግ ድረስ ሄደች።

ጉታ በመስኮቱ ብቅ ብሎ በኦሮምኛ ጥቂት ቃል ለሚስቱ ተናገረ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሁለቱን ኩባያዎች ጆሮው ላይ ጫነ። ሽቦውን ከግድግዳው ጋር አጣበቀ። ዘመነች አልጋዋ ላይ ሆና ታያቸዋለች። ትንሽ ጊዜ አለፈ።

"ጀመረች?" ብሎ ጉታ ጮኸ፣ ጆሮው የተደፈነ ሰው እንደሚጮኸው።

አምሐ አዎን ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"ምንም የለም!" ሽቦውን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ፣ መደርደሪያዋ ውስጥ ሰነቀረው። "ምንም አይሰማም።"

"አውልቀው" አለ አምሐ በእጁ ጭምር።

ጉታ አወለቀው። የሚስቱ ድምፅ፣ ዝቅ ብሎ፣ ግን ቃል በቃል፣ በግድግዳው በኩል መጣ። እያንዳንዱ ፊደል ይለያል። ለታመሙት በአማርኛ ስትጸልይ ነበር። ከታመሙትም መሐል፣ ይህችን ጎረቤታችንን ዘመነችን፣ ራሷን አሳርፍላት እያለች ነው።

ጉታ ማዳመጫውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

"ይህን ሁሉ ጊዜ እንዲህ ይሰማ ነበር?"

"ከገባን ጀምሮ" አለ አምሐ። "በባዶ ጆሮ። የማልሰማችሁ ይህን ሳደርግ ብቻ ነው።"

"ለማንም አልተናገርክም?"

"ለማን ብዬ?" አለ አምሐ። "ማንን አምኜ?"

ጉታ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ግድግዳውን አልፎ ጉዲቱን ከጸሎቷ አቋረጣት። ኋላ ይህን ለሰው ሲናገር ሁሌም አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚጠቀመው፤ በዚያ ዘመን ከሰው ሁሉ ምስጢራችንን የጠበቀልን፣ ሰው የማያምን ሰው ነው ይላል። እትዬ ወርቅአፈራሁ ከአጥሩ ጥግ ተመልሳ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። ምሽቱን አንድ እንቁላል ለዘመነች ላከች፤ ዘመነች ጾም መሆኑን እያስታወሰች መለሰችላት። ስለ ቤት መፈለግ ዳግም የተነሣ ነገር የለም።

አምሐ ግን እንዲህ በቀላሉ አላበቃለትም። ጉታ ከወጣ በኋላ ወደ አልጋው ዞሮ፣ አንቺም ትሰሚያቸው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ።

"እሰማለሁ" አለች ዘመነች።

"አይሰማኝም ስትይኝ አልነበረም?"

"አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ሬዲዮው ነው።" ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ስሜ ሲጠራ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።"

ይህን ደግሞ ጠረጠረ። ምን ፈልገው ነው የእኔን ሚስት ስም የሚጠሩት ብሎ ብዙ ቀን ቆዘመ፤ የሌላ ሃይማኖት ጸሎት ቢጠቅምስ፣ ቢጎዳስ አለ። የእሷን ትንፋሽ ማታ ማታ አዳመጠ። እነሱ ጀምረው እስኪጨርሱ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ መድኃኒቱን ባልወሰደችበት ቀን እንኳ፣ ትተኛለች። ከእሱ ሬዲዮ የራቀችበት ጸጥታና ከግድግዳው የሚመጣው ድምፅ አንድ ላይ ሆነው ይሠሩ እንደሆነ መለየት አልቻለም። ለመለየት ደግሞ አንዱን ማስቆም ይፈልጋል፤ አላስቆመም። ምናልባት ሳይፈትነው ያለፈው ነገር ይህ ብቻ ነው።

ጉታ አናጺ ነውና፣ ግድግዳውን ደርቤ በጭቃ ልምረግላችሁ አለ። ለሁሉም ይበጃል፤ ለእነሱም ጥንቃቄ ነው። አምሐ ተስማምቶ ነበር። ዘመነች እንቢ አለች። ግድግዳው እንዳለ ቀረ። እንግዶቻቸው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እንደገና መምጣት ሲጀምሩ፣ አምሐ የመዝሙሩ የመጀመሪያ ድምፅ እንደተሰማው ማዳመጫውን ያደርጋል። የሰው ምስጢር ላለመስማት ሲል በግድግዳው በኩል ያለውን የግራውን ኩባያ በእጁ ጭምር ይጫነዋል። እንደሚጫነው ጉታም ያውቃል። በዚህ የተነሣ አስቀድሞ የተሰነጠቀው የግራ ትራስ ጨርሶ ፈረሰ፤ የውስጡ ስፖንጅ ወጣ፤ ድምፅም ማሾለክ ጀመረ። አንድ ማታ የዘመነች አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ።

አምሐ በማግስቱ ከጋራዥ የተረፈ የበግ ቆዳ ይዞ መጣ። አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ብሎ ሁለቱንም ሊለብሳቸው ወሰነ። የቀኙን ጨረሰ። ከጨረሰው በኋላ ወደ ብርሃን አንስቶ ስፌቱን አየ፤ አንድ ቦታ ፈትቶ እንደገና ሰፋው።

አምሐ በሞተበት ሐሙስ ዕለት ጉታ ከከተማ ውጭ ሥራ ላይ ነበር። ጉዲቱ አራስ ናት፤ ሕፃኑ ሳምንቱ ነው። ጠዋት ላይ በግድግዳው በኩል፣ የሽሮ እህሌን ወፍጮ ቤት የሚያደርስልኝ ሰው አጣሁ ስትል ተሰማ። ለማን እንደተናገረችው ግልጽ አይደለም፤ ምናልባት ለሕፃኑ ነው። አምሐ ያን ጊዜ ማዳመጫው ጆሮው ላይ አልነበረም። መርፌውን ግማሽ የደረሰው የግራ ትራስ ላይ ሰካ፤ ኮቱን ለበሰ፤ በሯን አንኳኩቶ ከረጢቱን ተሸክሞ ወጣ።

ወፍጮ ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር። የሰው ሁሉ እህል ተራ በተራ ሲገባ እሱ ከከረጢቱ ላይ እጁን አላነሳም። ተራው ሲደርስ ከፊቱ የተፈጨው የሌላ ሰው ዱቄት ከቋቱ ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ አስጠረገ። ወፍጮ ቤቱን የሚያሠራው ሰውዬ፣ ጋሼ፣ ሽምብራው ዘመድዎ ነው እንዴ አለው፤ ሰው ሳቀ። አምሐ ከሚወርደው ዱቄት በጣቱ ጫፍ አንስቶ ቀመሰ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀመሰ። ከዚያ የከረጢቱን አፍ በሲባጎ በራሱ አስተሳሰር አሠረና ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ደረቱን ይዞ አርፎ፣ ወደ ግቢው ተመለሰ።

ከረጢቱን ጉዲቱ ደጃፍ ላይ አወረደው። በሩን ስትከፍት ቋጠሮው እንዳልተነካ አሳያት።

"የራስሽ ነው" አላት። "አልተለወጠም።"